ቸኮለ በማን ስም ይመዝገብ?

አዳማ ውስጥ ዕድሜው የገፋ ሰው ስለ እንስሳ አይጠይቅም። ድመት ይፈቀድልኝ ይሆን ብሎ ወረዳ የሚሄድ ሽማግሌ ካለ ወይ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ነው፣ ወይ ልቡ የደነደነ።

ደንቡ ሲታይ ክፉ አይደለም። ጌታው ሞቶበት በየጥጉ የሚያለቅስ ውሻ እንዳይኖር ተብሎ የወጣ ነው። እንስሳ የሚያሳድግ ሰው ከእንስሳው ቀድሞ የማይሞት መሆን አለበት፣ ይላል። ወረዳው የእያንዳንዱን ሰው ደምና እንቅልፍ፣ ሳልና አረማመድ ያውቃል። ከዚያ ተነስቶ ስንት ዓመት እንደቀረው ያሰላል። ቁጥሩን ለባለቤቱ መንገር ግን ክልክል ነው። የሚነገረው «ይፈቀዳል» ወይም «አይፈቀድም» ብቻ ነው።

ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም። ድመት ስንት ዓመት እንደምትኖር ሁሉም ያውቃል። አራተኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩት አቶ ናሆም ጡረታ እንደወጡ በቀቀን አማራቸውና ጠየቁ፤ አይፈቀድም ተባሉ። በቀቀን እኮ ከሰው እኩል ይኖራል ብለው ሳቁ። ድመት ጠየቁ፤ አይፈቀድም። ጥንቸል ጠየቁ፤ አይፈቀድም። ነገሩ እልህ ሆነባቸውና በመጨረሻ በብርጭቆ ገንዳ የምትቀመጥ አንዲት ቀይ ዓሣ ጠየቁ። የዓሣዋ መልስ በመጣ ማግስት ጎረቤቱ ሁሉ በሳህን ምግብ ይዞ በራቸውን አንኳኳ። አቶ ናሆምም «ምነው ዛሬ?» አላሉም፤ ሳህኑን ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ በሩን ዘጉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ስለ እንስሳ ማንሳት ተወ። ነገሩ በእንስሳ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ለማን ብዙ ዓመት የሚያገለግለውን ጥርስ አቀረበ፣ ለማን የርካሹን? ችግኝ ሻጩ ለማን አቮካዶ አሳየ፣ ለማን ቲማቲም ብቻ? ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ኤልዳና በችግኝ ቤቱ በኩል ሲያልፉ መንገድ ይሻገራሉ። የወለቀ መንጋጋቸውንም እንደወለቀ ትተውታል፤ በአንድ ጎን ማኘክ ለምደዋል።

እማማ ኤልዳና ከልጅ ልጃቸው ከአስካለ ጋር ነው የሚኖሩት። አስካለ አሥር ዓመቷ ነው። ስሟ የዘመኑ ነው፤ ከክፍሏ ልጆች መካከል ሁለት ተዋበችና ሦስት ደምሴ አሉ። ኤልዳና፣ ሄራን፣ ናሆም የሚባሉት አሁን የአሮጊትና የሽማግሌ ስሞች ናቸው፤ ልጆቹ ሲሰሟቸው ይስቃሉ። እናቷ ሀሴትና አባቷ መተሐራ የፀሐይ እርሻው ላይ፣ ከመስታወቶቹ መካከል ይሠራሉ፤ በወር አንዴ ይመጣሉ። ልጅቷን ለአያቷ ትተው ሲሄዱ እማማ ኤልዳና አደራውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮም እንቅልፍ የላቸውም። ውሃውን ሁለት ጊዜ ያፈላሉ። መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ታፈነች ብለው ይከፍቱታል፣ ትወድቃለች ብለው ደግሞ ይዘጉታል። ልጅቷ ብታስነጥስ ግንባሯን ይዳስሳሉ፤ ባታስነጥስ ደግሞ «ምነው ዝም አለች?» ይላሉ።

ቸኮለን ያመጣችው ሀሴት ናት። ከመስታወቶቹ ሥር ጥላ ፍለጋ የገባ፣ የልጅ ጡጫ የሚያህል ኤሊ። በምሳ ዕቃ ውስጥ ይዛው መጥታ ልጇ ፊት ስትከፍተው አስካለ ለረጅም ጊዜ አየችውና «ስሙ ቸኮለ ነው» አለች።

«ኧረ ይኼን ድንጋይ ከፊቴ አንሱልኝ!» አሉ እማማ ኤልዳና።

ይህን ያሉት መጀመሪያ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሰላጣውን በጨውና በውሃ እያጠቡ፣ ጠርዙን እየቆረጡ የሚያቀርቡለት እሳቸው ሆኑ። ሳይበላ ከዋለ የሚብሰከሰኩት እሳቸው፤ ሲመሽ «ይህ ወለል ብርድ ነው» ብለው ነጠላ የሚያለብሱት እሳቸው። «ኤሊ እኮ ነው፣ ቤቱን ተሸክሞት ነው የሚዞረው» ስትላቸው አስካለ፣ «ቤት ቢኖረውስ፤ ቤት ያለው ሰው አይበርደውም?» ይላሉ።

አንድ ቀን ደግሞ እማማ ኤልዳና ጓዳ ሆነው፣ «እምዬ» የምትላቸው ልጅ ለቸኮለ በሹክሹክታ ስታወራ ሰሙ። «እማዬ ስትሄድ አለቅስ ነበር። አሁን ግን አላለቅስም። ለእምዬ እንዳትነግራት፤ ትጨነቃለች።» ቸኮለ አንገቱን አውጥቶ ያደምጣል። እማማ ኤልዳና የያዙትን ማንኪያ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከዚያች ቀን ወዲያ ቸኮለ ድንጋይ መሆኑ ቀረ።

ቤቱ ነዋሪዎቹን የሚቆጥረው በሙቀታቸው ነው። ቸኮለ ወለሉ ሲቀዘቅዝ ቀዝቅዞ፣ ወለሉ ሲሞቅ ሞቆ ስለሚኖር ለወራት ሳይቆጠር ከረመ። የበጋው ፀሐይ በመስኮት ሲገባ አስካለ አውጥታ አሞቀችው፤ መልሳ ጥላ ውስጥ ስታስቀምጠው ግን ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም ነበር።

«ሁለት ነፍስ ተመዝግባችኋል» አለ ቤቱ በዚያ ትሁት ድምፁ። «ሦስተኛው ማን ነው?»

እማማ ኤልዳና ደነገጡ። «እንግዳ ነው» አሉ።

«እንኳን ደህና መጣ። እንግዳ ከእሑድ በኋላ በስሙ ወይም በአሳዳሪው ስም መመዝገብ አለበት።»

አስካለ ኤሊዋን ከደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆማ ነበር። «እምዬ፣ ኤሊ ክልክል ነው እንዴ?»

«ማን ክልክል ነው አለሽ?»

«ካልተፈቀደ ማቆያ ነው የሚወስዱት። የተዋበችን ጃርት ወስደውባታል። ከማቆያ የተመለሰ የለም።»

«ዝም በይ፣ ክፉ አታውሪ። እኔ አጣራለሁ።»

አጣራለሁ ማለት ቀላል ነው። እማማ ኤልዳና አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ደንቡን ራሳቸው አንብበው ይረዳሉ። አንብበውም ነው የተጨነቁት። ኤሊ ከማንም ቀድሞ አይሞትም፤ ስለዚህ አሳዳጊው ተተኪ ማቅረብ አለበት። ተተኪው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ከሆነ ተተኪው እስኪያድግ አሳዳጊው መኖር አለበት። እናትና አባቷ በዚህ ቤት ስለማይኖሩ አይታሰቡም። እንግዲህ ወረዳው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው ማለት ነው፦ ኤልዳና አስካለ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ታያታለች ወይስ አታያትም?

ሞትንስ አይፈሩትም ነበር። ባለቤታቸውን ቀብረዋል፤ መንገዱን ያውቁታል። ይህቺ ልጅ ሳህን እየቆጠረች እንድታድግ ነው የማይፈልጉት። «ይህን እንኳን ወረዳ፣ የፈጠረኝም አልነገረኝ» እያሉ ሦስት ቀን በቤታቸው ተንጎራደዱ። በአራተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፉና ሄዱ።

ወረዳው ውስጥ ለሌላው ጉዳይ ሁሉ ሰው የለም። ለእንስሳ ግን እምቢታ ከሰው አፍ መውጣት አለበት ስለተባለ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። እማማ ኤልዳና የሴትዮዋን ፊት እንዳያዩ ቤታቸው ሳሉ ለራሳቸው ምለው ነበር። ስለዚህ እጇን አዩ። ጣቶቿ በሂና የተጌጡ ናቸው፤ ሙሽራ ሳትሆን አትቀርም።

«ምን ልታዘዝ እማማ?»

«ለሰው ነው የምጠይቀው።»

«ለየትኛው ሰው?»

«ለ... ለእኔው።»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። «እሺ። እንስሳው ምንድን ነው?»

«ኤሊ።»

«ኤሊ! ውይ እማማ፣ ማቱሳላ ራሱ ቢመጣ ኤሊ ስፈቅድለት አስብበታለሁ። ተተኪ አለዎት?»

«የልጅ ልጅ አለችኝ። አሥር ዓመቷ ነው።»

«እንግዲያው እሷ እስክታድግ ነው የሚታየው። አሁኑኑ ልይልዎት።»

ሂና የተቀቡት ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ተሯሯጡ። ከዚያ ቆሙ። ትንሿ ጣት ብቻዋን ትንሽ ከፍ ብላ ቀረች፤ ቀጥሎ ሁለቱ እጆች ተጠጋግተው አንዱ ባንዱ ላይ ተቀመጡ። እማማ ኤልዳና ፊት አላየሁም ብለው ሲጽናኑ እጅም እንደሚናገር ረስተውት ኖሯል። ምን እንዳለ ግን አይታወቅም። እጅ ደስ ሲለውም ይታጠፋል፣ ሲያዝንም ይታጠፋል።

«ቆይ!» አሉ፤ ድምፃቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው። «አትንገሪኝ ልጄ። በእናትሞት፣ አትንገሪኝ።»

«መልሱ እኮ ደርሷል እማማ።»

«እሱ እዚያው አንቺ ጋ ይቆይ።»

«እንዳልጠየቁ ልቁጠረው?»

«እንዳልጠየቅኩ ቁጠሪው።»

«ቆጠርኩት» አለች ሴትዮዋ፤ ድምጿም እንደ እጇ ነው፣ ምንም አይገኝበትም።

እማማ ኤልዳና ሊነሱ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። «ለመሆኑ ቁጥር የሌለው ሰው የለም?»

«ቁጥር የሌለው ሰውማ የለም። ቁጥር የሌለው ድርጅት ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ፣ ማኅበር። እነሱ በደንቡ አይሞቱም።»

«አይሞቱም?»

«በደንቡ» አለች ሴትዮዋ።

ፀሐዩ ሳይበረታ ለመድረስ እየተጣደፉ፣ በየጥላው እያረፉ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የማይሞት ማን እንዳለ አሰቡ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ዳይሬክተር ይቀይራል፤ ቸኮለን የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ አይገኝም። ፋብሪካ ለኤሊ ምኑ ነው? ከሕንፃቸው በር ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። የሕንፃው እድር ድንኳን ግድግዳው ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባለቤታቸውን የቀበረ እድር ነው። አቶ ናሆምንም ቀብሯል። ሁሉን እየቀበረ እሱ አለ።

ቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ የአብስራ ሄዱ። ጋሽ የአብስራ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ነገር ሲሰማ ጢሙን የሚጎትት ሰው ነው። እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«እትዬ ኤልዳና፣ ይህን ጉባኤ ላይ ካነሱት ሰው ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«ተከልክላ ነው ይላል።»

«ይላል።»

«ይበል! እኔ አልጠየቅኩም። ኤሊው ግን እሑድ ሳያልፍ ቤት ያስፈልገዋል።»

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ዘጠነኛ ፎቅ ደረሰ። በማግስቱ በሩ ተንኳኳ፤ አስካለ ስትከፍት ስምንተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ሄራን ቆመዋል፣ በእጃቸው በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን። «ለአያትሽ ነው የኔ ቆንጆ። እንዲያው... ሠርቼ ነው» አሉና ዓይናቸውን ሳያነሱ ተመለሱ። ከሰዓት ሌላ ሳህን መጣ። አመሻሹ ላይ ሦስተኛው።

አስካለ ሳህኖቹን በመደዳ አስቀመጠቻቸው። አልቀመሰችም። ሳህን ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም። እማማ ኤልዳና ከጓዳ ሲወጡ ልጅቷ ቸኮለን በምሳ ዕቃው ውስጥ ከታ፣ ክዳኑን ከድና ቆማለች።

«ይሂድ» አለች። «ማቆያ ይውሰዱት። እኔ አልፈልገውም።»

«ምን ሆንሽ አስካልዬ?»

«ኤሊ ምን ያደርግልኛል? አይሮጥ፣ አይጮኽ። አንቺ ግን አትጠይቂ። ከጠየቅሽም በቃ... አትንገሪኝ።» አላለቀሰችም፤ አያቷ እንዳይጨነቁ።

እማማ ኤልዳና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ ጮኸ። የልጅቷን ፊት በሁለት መዳፋቸው ያዙ።

«ስሚኝ። አልጠየቅኩም። ሄጄ ነበር፤ ሳልጠይቅ ተነሳሁ።»

«ታዲያ ሳህኑ?»

«ሳህኑ የሄራን ወሬ ነው። ሄራን ደግሞ ወጧን ጨው ታበዛለች፤ በእሷ ወጥ እንጂ በሌላ አልሞትም።»

አስካለ በኀይል ሳቀች፤ ከሳቁ ጋር ሳታስበው እንባዋ መጣ። አያትና ልጅ ወለሉ ላይ ተቃቅፈው ቆዩ። ቸኮለ ከምሳ ዕቃው ውስጥ ክዳኑን በአፍንጫው ይገፋል።

እሑድ ፀሐዩ ሲበርድ እድርተኛው ሕንፃው ሥር በድንኳኑ ተሰበሰበ። ኀዘን ጥየቃ፣ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር፣ የጠፋ ድስት ክዳን በተራ ታዩ። ከዚያ ጋሽ የአብስራ ጢሙን ጎትቶ፣ «እትዬ ኤልዳና ያቀረቡት ጉዳይ አለ» አለ፤ ጉዳዩንም ምንም ሳይቀንስ ተናገረ። ኤሊው የእድሩ ንብረት ሆኖ ይመዝገብ፤ እንደ ድንኳኑ፣ እንደ ብረት ድስቱ። አኗኗሩ ግን ዘጠነኛ ፎቅ ይሁን።

ሁሉም እማማ ኤልዳናን ላለማየት ጫማውን ያያል። እማማ ኤልዳና አስካለን ከጎናቸው አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

መጀመሪያ የተነሱት እትዬ ሄራን ናቸው። «እኔ ለኤልዳና ያለኝን ፍቅር ታውቃላችሁ» ብለው ጀመሩ፤ ይህን ብሎ የጀመረ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። «ግን እድር የሚቀብር ነው እንጂ የሚያረባ አይደለም። ዛሬ ኤሊ ብለን ነገ አዞ ብንባልስ?»

«አዞ ለአባልነት መዋጮ መክፈል አለበት» አለ አንዱ ከኋላ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

«ቀልዱን ትተን» አለ ገንዘብ ያዡ ባምላክ፣ «ኤሊው ቢሞት ድንኳን ይተከላል?»

«እሱ ነው እንጂ እኛን ሁላችንን ቀብሮ የሚሞተው!»

«ደንባችን ደግሞ ግልጽ ነው» አለ ባምላክ፤ ነገር ሳያጠብቅ አይለቅም። «የእድር ንብረት ኀዘን ላለበት ቤት ይሄዳል። ድስቱም፣ ወንበሩም። ኤሊውስ ይሄዳል? ካልሄደ የግል ነው። የግል ከሆነ ወረዳ ይይዘናል።»

እማማ ኤልዳና ሁሉን ሲያስቡ ይህን አላሰቡትም።

«ይሄዳል» አለች አስካለ።

ጎልማሶቹ ሁሉ ዞር አሉ። በጉባኤ ላይ ልጅ አይናገርም፤ ግን ዝም በይ ያላት የለም።

«ኀዘን ቤት ልጆች አሉ። ትልልቆቹ ሲያለቅሱ እነሱን ማንም አያያቸውም። ለቸኮለ ያወሩታል። እሱ ለማንም አይናገርም። ግን እኔ ነኝ የማመጣው፤ ሰላጣውንም የምቆርጥለት እኔ ነኝ።» ይህን ብላ በአያቷ ነጠላ ተከለለች።

ባምላክ ባለፈው ዓመት እናቱን የቀበረ ሰው ነው፤ ትንሽ ልጅ አለው። «እኔ ጥያቄዬ ተመልሷል» አለና ተቀመጠ።

ጋሽ የአብስራ እጅ እንዲወጣ ሊል አፉን ሲከፍት እትዬ ሄራን እንደገና ተነሱ። ሰው «አሁን ደግሞ ምን?» ብሎ ተነፈሰ። እትዬ ሄራን ግን አልጮኹም። የነጠላቸውን ጥለት እየጠቀለሉ፣ እየፈቱ ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «በእድሩ ስም ከሆነ... ድመትም ይሆናል?»

የሄራን ድመት ከሞተች ብዙ ዓመቷ ነው። ሌላ ለምን እንዳላመጡ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ለምን አይሆንም?» አሉ እማማ ኤልዳና። ሳህኑንም፣ ጨው የበዛበትን ወጥም በዚያች ደቂቃ ይቅር አሏቸው።

«እኔ ርግብ ነበር የምፈልገው» አለ አንድ የስድስተኛ ፎቅ ሽማግሌ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል።

«በረንዳዬ ባዶ ነው፤ ወፍ ቢኖርበት...» አለ ሌላው።

«ቆይ፣ ቆይ! በተራ!» አለ ጋሽ የአብስራ። ጢሙን በኀይል ጎተተ። ቀጥሎም በዳኝነቱ ዘመን አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ እጅ ይውጣ ከማለቱ በፊት የራሱን እጅ አወጣ። «እኔም ውሻ አስቤያለሁ። ትንሽ ውሻ።»

እጅ ያላወጣ አልነበረም። ወጣቶቹ ለምን እንደሚስቁ ሳያውቁ ሳቁ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹም በሳቁ መሃል ዓይናቸውን ጠረጉ። ጸሐፊዋ ከብረት ድስቱ ቀጥሎ «ኤሊ፣ አንድ» ብላ አስመዘገበች፤ ወረዳውም ወዲያው «ተመዝግቧል» ብሎ መለሰ፤ ማን ስንት ዓመት እንደቀረው ሳይጠይቅ።

አግዳሚዎቹ ሲነሱ አስካለ ቸኮለን በሁለት እጇ እንደያዘች አያቷን ተጠጋች።

«እምዬ፣ አሥራ ስምንት ሲሞላኝ እድር እገባለሁ?»

«ትገቢያለሽ እንጂ።»

«ያኔ ቸኮለን በስሜ አዞረዋለሁ። አንቺንም።»

«እኔን ደግሞ ምን ብለሽ?»

«የእኔ ናት ብዬ።» ልጅቷ አልሳቀችም። «የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ሙቀት አትወድም፣ ብቻዋን ስትሆን ትጨነቃለች፣ ሰላጣ ትበላለች እላለሁ።»

እማማ ኤልዳና የቀረውን ስምንት ዓመት ቆጠሩ። እንዳይታይባቸው ጎንበስ ብለው የልጅቷን ያልተፈታ የጫማ ክር ፈትተው አጠበቁ።

«ሰላጣ አልወድም» አሉ ቀና ሲሉ። «ጎመን በያቸው። ስታስመዘግቢኝ ጎመን ብለሽ አስመዝግቢ።»